ደህና ነኝ ባዩ እንግዳ

ሰላምታ ላይ የማይዋሽ ሀበሻ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። እንዴት ነህ? ደህና። ቤተሰብስ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ሰውዬው እኮ በሬው ገደል ገብቶበት፣ ሚስቱ አኩርፋ እናቷ ቤት ሄዳ፣ ጥርሱን ሲያመው አድሮ ነው ደህና የሚለው! እኔም እንደዚያው ነኝ። እናንተም ናችሁ፤ አትሸውዱኝ።

ስለ ሰላምታ ላወራችሁ ግን አይደለም። ላወራችሁ ያሰብኩት ደህና ከማለት በቀር ሌላ ቃል ስለማያውቅ ሰው ነው። ስለ ሁለት ሰዎች ማለት ይሻላል መሰለኝ። ወይ ስለ አንድ። እሱን እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው ላሊበላ ላይ ሎጅ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነው። ባዶ ጉብታ የተገኘበት ሁሉ ሎጅ ይተከልበት ነበር። አንዱ ባለ ሎጅ እንግዳ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሥራልኝ ብሎ ከአዲስ አበባ አስመጣኝ። ኮድ መጻፍ ነው እንጀራዬ። የወገል ጤና ልጅ ስለሆንኩ ብርዱም ጠላውም አልከበደኝም።

ስክሪኑን ሠርቼ ባሳየው ሰውዬው ቱግ አለ። ለካ ፕሮግራሜ ከሁሉ በፊት የእንግዳውን ስም ይጠይቃል። ሰው ሰላም ሳይባል ስሙን ይጠየቃል እንዴ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አፈርኩ። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይዋ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን መጀመሪያ «እንዴት ሰነበቱ?» የሚል እንዲወጣ አደረግሁ። እንግዳው መልስ ሲሰጥ ብቻ ወደ ስም ያልፋል።

አሁን የሙያዬን ነገር ትንሽ ታገሱኝ። አንዲት መስመር በቀየርኩ ቁጥር ቁልፉ በትክክል መሥራቱን መፈተን አለብኝ። ታዲያ በየሰዓቱ እንግዳ ከየት አመጣለሁ? ሎጁ ገና በሩ እንኳን አልተገጠመለትም። ስለዚህ የውሸት እንግዳ እሠራለሁ፤ እኛ ማስመሰያ እንለዋለን። ሥጋ የለው፣ ሻንጣ የለው። ቁልፉን የሚጫነውም ሌላ ኮድ ነው። ማስመሰያው ያስተማርኩትን ብቻ ይመልሳል፤ እንዴት ሰነበቱ ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በመጨረሻም ማን ምን እንደጠየቀው፣ ስንቴ እንደጠየቀው ይመሰክራል። ምስክርነቱ ከጠበቅሁት ጋር ከገጠመ ስክሪኑ አረንጓዴ ይሆናል። ካልገጠመ ቀይ።

የተከራየሁት ክፍል እማማ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸውን በሞት የተነጠቁ፣ ፈገግታቸው የማይጠገብ ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ደሳለኝ ይባላል። በበረሃ አድርጎ ዓረብ አገር እገባለሁ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዓመታት አለፉ።

ወንድማቸው መሪጌታ አካሉ ሞቷል ይላሉ። እናትየው አልሞተም ይላሉ። ጠቡ ይሄ ነው፤ ሁልጊዜም እኔ መስኮት ሥር ነው የሚነሳው። መሪጌታ የልጁ አስተማሪም ስለነበሩ ነገሩ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ሳይደረስለት ነፍሱ እስከመቼ ትንከራተት ይላሉ። እማማ ደግሞ፣ ቢኖርስ? ልጄን በቁሙ አልቅሼ ልግደለው ይላሉ። ንገሩኝ እስቲ፣ ማንኛቸው ተሳሳቱ?

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ቆሎ ይዘውልኝ ገቡና ስክሪኑን አዩ። ምን እየሠራህ ነው ልጄ አሉኝ። ያልመጣ እንግዳ እያስገባሁ ነው አልኳቸው፤ ለቀልድ ነው። ያልመጣ ሰው ይገባል እንዴ አሉ። ማስመሰያውን እንደ ምንም አስረዳኋቸው። አደመጡና ስሙ ማነው አሉ። ገና ስም የለውም አልኳቸው።

«እንግዲያማ ደሳለኝ በለው።»

ምን ልበል? አይሆንም ይባላል? ደሳለኝ አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ገባ? ይሉኛል። ገባ እማማ። ምን አለ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ተመስገን ይሉና ወደ ጓዳቸው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፤ እኔ እንኳን የማላስደስታቸውን ሴት ፕሮግራሜ አስደሰተልኝ ብዬ። ኋላ ግን ከበራቸው ላይ በገበቴ የተቀዳ ለብ ያለ ውኃ ማየት ጀመርኩ። የመንገደኛ እግር ማጠቢያ ነው። ማንም አይታጠብበትም፤ ሲመሽ ይደፉታል። በነጋታው እንደገና ያሞቁታል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ዓይኔ ወደ ግቢው በር ይሄድ ጀመር።

በመጨረሻ መሪጌታ አሸነፉ። እንዴት እንዳሸነፉ አላውቅም፤ እማማ ብቻ አንድ ጠዋት እሺ አልቅሱለት አሉ። ዳስ ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ።

በእኛ አገር ሬሳ ያልተገኘ እንደሆነ የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚለቀሰው። የደሳለኝ ኮትና ሱሪ ተዘረጋ፤ ከግርጌ ጫማው ተቀመጠ። ሕዝቡ ያን ልብስ እያየ ደረቱን ይደቃል። እዚያ ቆሜ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትን ማስመሰያ አያቶቼ ለካ ከጥንትም ያውቁታል። የሌለውን ሰው ቦታ የሚይዝ ነገር ያስቀምጣሉ፤ ለሱ የሚገባውን ሁሉ ያደርጉለታል።

እማማ አላለቀሱም። ቀስ ብለው አጠገቤ መጡና ጆሮዬ ሥር፣ «አደራህን ልጄ፣ ሳይጨርሱት አንዴ እየው። ገብቶ እንደሆነ» አሉኝ።

ወደ ክፍሌ ገባሁ። መብራት የለም፤ የላፕቶፑ ባትሪ ትንሽ ቀርቶታል። ፈተናውን አስጀመርኩት። ቀይ። ሁልጊዜ አረንጓዴ የነበረው ቀይ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሲሆን ይሄን ይላል፦ ደሳለኝ አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መጣ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት አንድ መስመር ነካክቼ ነበር። ቁልፉ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ይሠራል፤ በዚህ ሙያ የታወቀ ብልሽት ነው። ማወቄ ግን ጀርባዬን የበረደኝን ብርድ አላስቀረልኝም።

ያን ጊዜ ነው ውጭ ያለው ሙሾ ቀጥ ያለው።

ወጣሁ። የግቢው በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ከስቷል፤ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል፤ ግራጫ ጃኬት ለብሷል። ሙሾ አውራጇ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች፤ ልትቀጥል ነው ወይስ እልል ልትል ነው? እሷም አላወቀችም። አንዱ አማተበ። ንፍሮውን በእጁ እንደጨበጠ በጓሮ የዘለለም አለ።

እማማ ተነሱ። እንደ ደራሽ እንግዳ ተቀበሉት።

«እንዴት ሰነበትክ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መንገዱስ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ድምፁ ወጣ ገባ አይልም። ፈራሁ። እኔ ነኛ ይሄን ቃል ቃል በቃል የጻፍኩት!

መሪጌታ ግን በቀላሉ የሚበገሩ ሰው አይደሉም። ያስተማርኩህን የሰኞ ውዳሴ ማርያም ጀምር አሉት። ደህና ነኝ አላቸው። ከአልጋው ግርጌ ጫማውን አንስተው አድርግ አሉት። እሺ ብሎ እግሩን ሰደደ፤ ተረከዙ ውጭ ቀረ። ለቀስተኛው ለሁለት ተከፈለ። ግንባሩ የደሳለኝ ነው ይላል አንዱ። አፍንጫው ግን የሱ አይደለም ይላል ሌላው። እግር በበረሃ ያብጣል አለ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ። ከበሽታ ነው፣ አእምሮውን ነክቶት ነው ያሉም ነበሩ።

በኋላ የሚኒባሱን ሾፌር አግኝቼ ጠየቅሁት። ሰውዬው የተሳፈረው ከፍላቂት ከተማ ነው። ወዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ ይላል፤ መውረጃህ የት ነው ሲሉት ደህና ነኝ ይላል። ሾፌሩ ቢቸግረው ዳሱን አየና፣ ይሄ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ነው ብሎ እኛ በር ላይ አወረደው። ይኸው ነው። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ ግን አላረፍኩም። ዓመታት ሙሉ ዳስ ያልተጣለበት ግቢ፣ በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት?

እማማ ክርክሩን አልሰሙም። ሰውዬውን እጁን ይዘው ወደ ደጃፋቸው ወሰዱት፤ የሞቀው ውኃ እዚያው ነበር። ጎንበስ ብለው እግሩን አጠቡት። ዳሱ ፈረሰ፣ ልብሱ ከአልጋው ተነሳ። መሪጌታ ፍትሐቱን ይዘው፣ እየተብሰከሰኩ ወደ ደብራቸው ተመለሱ።

ብልሽቱን በማግስቱ አስተካከልኩት፤ ስክሪኑም አረንጓዴ ሆነ። እማማ ግን ከዚያ ወዲያ ገባ? ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሥራዬን ጨርሼ ልሄድ ሻንጣዬን ሳስር እንደ ልማዳቸው ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ያ የሠራኸው ደሳለኝ ሎጁ ሲከፈት ምን ይሆናል አሉኝ። እውነተኛው እንግዳ ሲመጣ እሱ ይነሳል እማማ አልኳቸው።

«እስኪመጣስ?»

እስኪመጣማ በሱ ቦታ ይቆማል አልኳቸው።

ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ። ሰውዬው ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ የደሳለኝን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮታል። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንደሱ ነው ልጄ። እኔም እስኪመጣ ነው።»

ለካ ያውቁ ኖሯል! ሻንጣዬን አንስቼ፣ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ግቢውን አቋርጬ በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዞር አልኩ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።