ጫፉን የያዘው ሰው

[የአንድ ቤት ጓሮ። በያጁ ለብረት ሥራው ክፍል ሊሠራ ነው፤ ግንበኛው መሠረት ሊቆፍር ነገ ጠዋት ይመጣል። ልኬቱን የሚወስድለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሰውዬው ድሮ የግንባታ ዕቃ ቤት ይጠብቅ ስለነበር ዘመድ ሁሉ «መሐንዲሱ» ይለዋል፤ እሱም ተቃውሞ አያውቅም። ግድግዳውን አንድ ትልቅ የብረት በር ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ ሜትሩን ግራና ቀኝ ወጥረው ይዘዋል።]

መሐንዲሱ፦ አንተ ጫፉን ብቻ ያዝ አልኩህ። ማንበቡን ለእኔ ተወው።

በያጁ፦ ይዣለሁ ጋሼ። ግን አንድ ሜትር ይጎድላል።

መሐንዲሱ፦ ገና ሳንጀምር ጎደለህ?

በያጁ፦ ቀድሞም የጎደለ ነው።

መሐንዲሱ፦ ሰው ስድስት በአራት ቤት እየተለካለት ጎደለኝ ይላል? በረንዳ ላይ ስትበይድ የኖርክ ሰው አይደለህ እንዴ?

በያጁ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። እህትዎም «መጋረጃዬን ሦስተኛ ጊዜ ብታቃጥል ከነማሽንህ ትወጣለህ» ብላኛለች።

መሐንዲሱ፦ የእኔ እህት ናት፣ ልክ ናት። ያዝ፣ እንዳትለቅ። [ያነባል] ስድስት። ኖራውን አፍስስ። [ዞሮ ያነባል] አራት። አፍስስ።

በያጁ፦ [እያፈሰሰ] ጋሼ፣ ብረቱስ የት ነው የሚተኛው?

መሐንዲሱ፦ ብረት ይተኛል?

በያጁ፦ ይተኛል እንጂ። ቆሞ ካደረማ ይጎብጣል።

መሐንዲሱ፦ መተኛት ያማረህስ አንተ ነህ። በብረት አታሳብ።

በያጁ፦ ኧረ ጋሼ። አንዱ ብረት ስድስት ሜትር ነው። ሳይቆረጥ የሚጋደምበት ቦታ ማለቴ ነው።

መሐንዲሱ፦ ብረቱ ስድስት፣ ቤቱ ስድስት፤ ልክክ ይላላ። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር፣ ማሽኑ እዚህ፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ከብልጭታ ራቅ ብሎ እዚያ ጥግ። በሩ ዘጠና ሳንቲም።

በያጁ፦ በሩ እንኳን ሦስት ሜትር ነው።

መሐንዲሱ፦ ምን ልታስገባበት ነው፣ አውቶቡስ?

በያጁ፦ ምንም አላስገባበትም። በሩ ሦስት ሜትር ስለሆነ ነው።

መሐንዲሱ፦ የቱ በር? ቤቱ ገና መሬት ላይ ያለ ኖራ ነው እኮ።

በያጁ፦ በሩ ተሠርቷል።

መሐንዲሱ፦ [ለራሱ] ፀሐዩ መታው መሰለኝ። [ጮክ ብሎ] ስማ፣ ስለ በር ከእኔ ጋር ባታወራ ይሻልሃል። ባለፈው ወር የግቢዬን በር ስትሠራልኝ ምን አደረግክ? መግቢያዬ ላይ ሲለካ አንድ ሜትር ተረፈ። ይኸው ግድግዳህን ተደግፎ ቆሟል፤ እኔ ግቢዬን በሸራ ጋርጄ አድራለሁ።

በያጁ፦ ሦስት ብለውኝ ሦስት ሠራሁ።

መሐንዲሱ፦ መግቢያዬ ሦስት ነው፣ በእጄ ለክቼዋለሁ። ስለዚህ የሠራኸው አራት ነው።

በያጁ፦ ሰፈሩም እንደዚያው ነው የሚለው። ልክ አያውቅም ተብዬ አንድ መስኮት እንኳ የሚያዘኝ ሰው ጠፋ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው ጋሼ።

መሐንዲሱ፦ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለጎረቤት ብቻ ነው። ለዘመድም። ለፀጉር አስተካካዬም። በል ብረቱን አምጣና ዓይንህ ይመን።

[አንድ ረጅም የብረት ቱቦ ተሸክመው ኖራው ውስጥ ያጋድማሉ። አንዱ ጫፍ መስመሩ ላይ ነው፤ ሌላው አንድ ሜትር ያህል አልፎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገብቷል።]

መሐንዲሱ፦ ይኼ ስንት ነው ያልከኝ?

በያጁ፦ ስድስት።

መሐንዲሱ፦ ሰባት ነው። ነጋዴው ሳያውቅ አንድ ሜትር መርቆልሃል። ዝም በል፣ እንዳትነግረው።

በያጁ፦ የገዛኋቸው አሥራ ሁለቱም ብረቶች እኩል ናቸው እኮ።

መሐንዲሱ፦ [አስቦ] እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው።

በያጁ፦ ጋሼ፣ እስቲ አሁን ጫፉን እርስዎ ይያዙ። እኔ ላንብብ።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ ይውጣልህ።

[ይቀያየራሉ። መሐንዲሱ መነጽሩን አድርጎ በአውራ ጣቱ የያዘውን ጫፍ ያያል። መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ያያል።]

መሐንዲሱ፦ ይኼ ከመቶ ነው የሚጀምረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የት ሄዱ?

በያጁ፦ አምና ብረት ስቆርጥበት ግራይንደር በላቸው። እኔ አንድ እየቀነስኩ እሠራበታለሁ። ሜትሩ አንድ ሜትር ይጎድላል እያልኩዎት ነበር።

መሐንዲሱ፦ ሜትሩ? እኔ ቤቱን መስሎኝ።

በያጁ፦ አሁንማ ቤቱም ጎድሏል። የቆምነው አምስት በሦስት ውስጥ ነው።

መሐንዲሱ፦ [ድምፁ ቀንሶ] ባለፈው ወር ከአንተ የተዋስኩት ሜትር...

በያጁ፦ ይኸው ነው። ሲወስዱት «አንድ ይጎድለዋል» ብልዎት «ለእኔ ይበቃኛል» ብለው ሄዱ። በሩን ልቆርጥ ስልም «በየትኛው ሜትር ለኩት?» ብዬ ጠይቄዎታለሁ።

መሐንዲሱ፦ ምን አልኩህ?

በያጁ፦ «በሜትር ነዋ፣ በጫማዬ ልለካ?»

[መሐንዲሱ የተደገፈውን በር ያያል፤ ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል።]

መሐንዲሱ፦ መግቢያዬ ሁለት ነው።

በያጁ፦ ሁለት ነው።

መሐንዲሱ፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

በያጁ፦ ግንበኛው ሳይመጣ በርዝመቱም በጎኑም አንድ አንድ ሜትር እንጨምራለን። በሩ ሦስት ይሆናል። ተሠርቷል ብዬዎት የለ? [ወደተደገፈው በር ይጠቁማል] ያ ነው። ልክ አያውቅም ያለኝ ሁሉ በእሱ ገብቶ በእሱ ይውጣ።

መሐንዲሱ፦ ይሁን። የእኔን ባለ ሁለቱን መቼ ትሠራልኛለህ?

በያጁ፦ የተናገሩበት ሁሉ ዞረው ሲያስተባብሉልኝ። ጎረቤቱ ጋ፣ ዘመዱ ጋ፣ ፀጉር አስተካካዩም ጋ።

መሐንዲሱ፦ ምን ብዬ ልንገራቸው?

በያጁ፦ የጎደለው ሜትሩ ነው ይበሏቸው። ሌላ የጎደለ ነገር ካለ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቀራል።