ሙቀጫ ላይ የቆመ አልጋ

አልጋ ስትገዙ ብሎኑን ቆጥራችሁ ተረከቡ። ምክሬ ይኸው ነው፤ የቀረው ወሬ ነው። ወሬውን ለመስማት ጊዜ ካላችሁ ግን ከመርዶው ቀን ልጀምር።

ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን አቶ ፈንቴ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። እንጅባራ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሽማግሌዎች በር ላይ ከቆሙ ለምን እንደ መጡ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን አላወቅሁም። ሰው የራሱ ሲሆን መቼ ይገባዋል? ደህና አደርሽ አሉኝ፤ ግቡ አልኳቸው። ገብተው አልጋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እዚያ ላይ አትቀመጡ ልል አፌን ስከፍት የአልጋው ጥግ ተደረመሰ። አቶ ፈንቴ ወፍራም ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከታች፣ የቀሩት ከላይ ሆነው መሬት ላይ ተገኙ።

ሳቅ አመለጠኝ። "ይቅር በሉኝ አባቶቼ፤ ትናንት በርበሬ ወቅጬ ጥጉን የሚደግፈውን ሙቀጫ ውጭ ረስቼው ነው። አለነ ዛሬ ከቻግኒ የጎደለውን ብሎን ፈልጎ ይገባል፤ ከእንግዲህ ማንም አይወድቅም" አልኳቸው።

አንዳቸውም አልሳቁም። አቶ ፈንቴ ከወደቁበት ሳይነሡ በአገውኛ የሆነ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙ። ከዚያ በአማርኛ፣ "ልጄ፣ አለነ አይገባም" አሉኝ። የቆላ ንዳድ ይዞት ኖሯል። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይምና እዚያው ቻግኒ ቀብረውታል። መርዶ የሚያረዳ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ወይም ተቀምጦ ይናገራል። የወደቀ ሰው ያረዳኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አለነ ባለቤቴ ነው። ሥራው እህል መመዘን ነበር፤ ቻግኒ እየወረደ ለነጋዴዎች ይመዝናል። በተጋባን ሰሞን ከዳንግላ ነጋዴ የአዲስ አበባ አልጋ ገዛ። አልጋው የመጣው ተፈታትቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና ነው። እግሩ ለብቻ፣ አግዳሚው ለብቻ፣ ራስጌው ለብቻ። ሊያይ የተሰበሰበው ጎረቤት አልጋ ነው ወይስ ማገዶ እያለ አሾፈ። አለነ ብሎኑን አንድ በአንድ እያጠበቀ አልጋውን አቆመው። መጨረሻው ጥግ ሲደርስ ብሎን አለቀ። ነጋዴውን ሄዶ ቢጠይቀው፣ እኔ በሙሉ አስጭኜ ነው የላክሁልህ፣ የጎደለውን መንገዱን ጠይቀው አለው።

አንዲት ብሎን ምን ትገዳለች ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያ ብለን ነበር። የጥሊሊ አንጥረኛ ቀጥቅጦ ሠራልን፤ ገባች፣ ግን ጥርስ የላትምና ስንገላበጥ ትወጣለች። አንድ ሹፌር ከመኪናው ትርፍ ሰጠን፤ ወፈረች። የዳንግላ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ፈትቶ አዋሰን፤ ቀጠነች። አቶ ፈንቴ ቀርከሃ ሰንጥቄ ልሰርልህ አሉት። አገሩ አጥሩንም ጣሪያውንም በቀርከሃ ነው የሚያስረው። አለነ ግን፣ "ጋሼ ፈንቴ፣ አልጋ እኮ ነው፤ አጥር አይደለም" ብሎ እምቢ አለ። ትንሽ ኩራት ነበረችበት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኛ ሙቀጫ አገባን። ቁመቱ ልክ ሆነና የአግዳሚውን ጫፍ ተሸከመልን። ችግሩ በርበሬ ነው። በርበሬ የምወቅጥ ዕለት ባለቤቴ ከእንቅልፉ ይነሣል፤ ጥጉን በትከሻው ያነሣዋል፤ እኔ ሙቀጫውን እስባለሁ። እስክጨርስ ድረስ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቀኛል። "አንቺ ሴት፣ አይበቃም? እንቅልፌ እኮ አብሮ ደቀቀ" ይለኛል። ጎረቤቱም ለመደው፤ የሙቀጫ ድምፅ በተሰማ ቁጥር፣ "አለነ ተነሣ" ይባላል።

ከሞተ በኋላ ታላቅ እህቱ እትዬ ጥሩነሽ ከዳንግላ መጡ። በኛ ዘንድ ሟች ያረፈበት አልጋ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል። እትዬ ይህን አንስተው፣ ወንድሜ እዚያ ባዶ እጁን አይቁም አሉ። ምን ይመለሳል? ልብሱ ተሰጥቷል፤ በትሩም ተሰጥቷል። ለእኔ የቀረኝ እሱ የተኛበት፣ ፍራሹ ላይ ያለው ጎድጓዳ ብቻ ነበር። እሱንም ልሰጥ ነው።

የነፍስ አባቱ መምሬ ወርቁ ተጠርተው መጡ። አልጋውን ዞረው አዩት፤ ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩ።

"ልጄ፣ ሙቀጫውም አብሮ ነው የሚመጣው?"

"የለም አባቴ፣ ሙቀጫው የእኔ ነው።"

"እንግዲያው ብሎኑ ሲገኝ ጥሩኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከወደቅሁ የሚያነሣኝ የለም" ብለው ሄዱ።

ነገር የተገላበጠው ያኔ ነው። ብሎኑ እንዲገኝ ለጊዮርጊስ የተሳልኩ ሴት፣ እንዳይገኝ እለምነው ጀመር። ጊዮርጊስ የቱን ይስማ? እትዬ ጥሩነሽ ግን ዳንግላን አዳረሱት። በየገበያው ቀን አንድ ብሎን ይዘው ይመጣሉ። እሞክረዋለሁ፤ አልገባ ሲል ደስታዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን አዞራለሁ። እሳቸው አዘነች ብለው ያጽናኑኛል።

በአርባው ዕለት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ አብሮት ይመዝን የነበረ ጓደኛው የአለነን ዕቃ ከቻግኒ ይዞ ገባ። ጃንጥላውና ጋቢው ነው። በጋቢው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ነበር፤ እትዬ ፈቱት። ብሎን ነው። ጓደኛው እንደ ነገረን ከወፍጮ ቤት ለምኖ ያገኘው ነው። ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጥቶ እንኳ ቋጠሮውን እንዳትፈቱ ይል ነበር አለን።

መምሬ ባሉበት ተሞከረ። አቶ ፈንቴ ጥጉን በትከሻቸው አነሡ፤ እኔ እንደ ልማዴ ሙቀጫውን ሳብኩ፤ ብሎኑ ገባ። ልክ ነው። አቶ ፈንቴ አንዴ ተምረዋልና ቀስ ብለው ተቀመጡበት። አልወደቁም።

"በሉ አባቴ፣ ይውሰዱት" አሉ እትዬ። እኔ የጋቢውን ጫፍ ይዤ ቆምኩ።

መምሬ ጢማቸውን እየነካኩ፣ "አለነ በዚህ አልጋ ተኝቷል?" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው? ሲተኛበት ነው የኖረው" አሉ እትዬ።

"ብሎኑ ገብቶ ቆሞ እያለ?"

"እሱማ ዛሬ ነው የቆመው።"

"እንግዲህ በቆመ አልጋ አልተኛም። ለነፍስ የሚሰጠው ሟች ያረፈበት ነው። እሱ ያረፈው ሙቀጫው ላይ ነው፤ እሱኑ አምጡልኝ።"

ሰው ሳቀ፤ እትዬም ሳይወዱ ሳቁ። መምሬ ግን የምራቸውን ነበር። ሙቀጫዬን ለአቶ ፈንቴ አሸክመው ሄዱ።

ይኸው አሁን አልጋው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አይነቃነቅም፤ አይጮህም። በርበሬ ሲኖረኝ መምሬ ቤት ሄጄ እወቅጣለሁ። ማንንም አላስነሣም፤ ማንም አይበቃም ወይ አይለኝም። ስለዚህ ምክሬን ላርመው፤ አልጋ ስትገዙ ብሎን አትቁጠሩ። አንዱ ቢጎድል ጎድሎ ይቅር።

እናንተም በመምሬ ደጅ ስታልፉ የሙቀጫ ድምፅ ብትሰሙ እኔ ነኝ። እንደ ጎረቤቶቼ "አለነ ተነሣ" አትበሉ፤ ደክሞት ነው የተኛው። ነፍስ ይማር በሉለት።