ጋሽ ጫምሳ ማስተካከያ አላቸው

በአዳማ ከተማ ማስተካከያ የሚያቀርብ ሰው የሌለበት እድር የለም። ድንኳኑ የተቀዳደደ እድር ይኖራል፤ ሊቀመንበሩና ጸሐፊው የተኳረፉበትም ሞልቷል። ሌላው ንግግሩን ሳይጨርስ እጁን አውጥቶ «አንድ ማስተካከያ አለኝ» የሚል አባል የሌለው እድር ግን አልተፈጠረም። ይህ ሰው ለስብሰባ አርፍዶ አያውቅም፤ መነጽሩንም ረስቶ አይመጣም። የሚናገረው ሁሉ ደግሞ እውነት ነው። ሰውን የሚያሳብደውም ይኸው ነው፤ ቢዋሽማ ዝም ማሰኘት ይቻል ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ የሆኑት ክቡር ጋሽ ጫምሳ ተሻለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጎረቤት ናቸው፤ የሚለያያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። «ናዝሬት ተወልጄ» የሚል ሰው ካጋጠማቸው «አዳማ» ይሉታል። «በንጉሡ ጊዜ አዳማ ስንገባ» ለሚለው ደግሞ «ያኔ ናዝሬት ነበር» ይሉታል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ወዳጅ የላቸውም። ባጃጅ ተሳፍረው በራቸው ላይ ሲያቆምላቸው «እዚህ አይደለም፣ ትንሽ አለፍ አድርገው» ይላሉ። በር ላይ ለምን እንደማይወርዱ የሚያውቅ ነጂ የለም። በአንድ ሠርግ ላይ ሽማግሌው «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ብለው ሲመርቁ፣ ጋሽ ጫምሳ ተነሥተው ሣራ የወለደችው ካረጀች በኋላ መሆኑን ለታዳሚው አስታወሱ። የሙሽሪት እናት እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

ተሻለች ግን ያልረሳችው የባለቤቷን የገብረወልድን ቀብር ነው። የሕይወት ታሪኩ እየተነበበ፣ አንባቢው «በሞጆ ደረቅ ወደብ ለዘጠኝ ዓመታት በቅንነት አገልግሏል» ከሚለው ላይ ሲደርስ ከሐዘንተኛው መሃል አንድ እጅ ወጣ።

«ስምንት ዓመት ከመንፈቅ» አሉ ጋሽ ጫምሳ።

አንባቢው ደንግጦ «ስምንት ዓመት ከመንፈቅ» ብሎ ቀጠለ። ተሻለች በለቅሶዋ መሃል ቀና ብላ ገላመጠቻቸው። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚነበበውን በጥሞና ያዳምጡ ነበር።

እንግዲህ ተሻለች ይህን ሁሉ እያወቀች በእሳቸው እጅ የወደቀችው ወዳ አይደለም። የምትኖርበት ቤት ካርታ በገብረወልድ ስም ነው። የቆዩ ካርታዎች እየተለወጡ ነበር፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያልቀረበ ሰው ቤቱ ባለቤታቸው ካልታወቁ ቤቶች ጋር ይደመራል ተባለ። ወራሽ ነኝ ለማለት የሞት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ገብረወልድ ዓመት ሙሉ ታሞ ያረፈው እቤቱ ነውና የሐኪም ቤት ማስረጃ የለውም። መሞቱን ሰዎች ቀርበው መመስከር አለባቸው፤ ከእነሱም አንዱ የእድሩ ሊቀመንበር መሆን አለበት። ሊቀመንበሩ ማን እንደሆኑ መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛዋ ምስክር የገብረወልድ እህት ዘርፉ ናት፤ በተጠራች ቁጥር ከሞጆ ትመጣለች። ወንድሟ ሲያርፍ አልደረሰችም። ስለዚህ ገና ከበር ስትገባ «እጁን ይዘሽው ነበር አይደል?» ትላለች። ተሻለችም «ይዤው ነበር» ትላታለች። ዘርፉ ከዚያ በኋላ ነው ነጠላዋን አውልቃ የምትቀመጠው።

መጀመሪያ የሄዱ ቀን የወሳኝ ኩነት መዝጋቢዋ ጋዲሴ ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን የቀብር ማስረጃ ዘርግታ አነበበችው። ማስረጃው እንደ ደንቡ የተጻፈው በክርስትና ስሙ ነው።

«አባባ፣ ሟች ኃይለ ሚካኤልን ያውቋቸዋል?»

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ጫምሳ።

«ጋሼ» አለች ተሻለች፣ «ገብረወልድ እኮ ነው። የክርስትና ስሙ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ክርስትና ሲነሣ አልነበርኩም። ኃይለ ሚካኤል የሚባል ጎረቤት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። የማውቀውና የቀበርኩት ገብረወልድን ነው።»

ጋዲሴ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በወረቀቱ መሠረት የሞተው ኃይለ ሚካኤል ነው፤ ገብረወልድ ገና አልሞተም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ቤተ ክርስቲያን በደብዳቤ ታረጋግጥ ተባለ። ደብዳቤውን የሚጽፉት አባት ደግሞ ለንግሥ ኩየራ አጠገብ ወዳለ አንድ ደብር ሄደው ነበር። እሳቸው እስኪመለሱ ድረስ የተሻለች ባል በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ ሰነበተ፤ በዚያው ሳምንት የስብሰባ መጥሪያ በስሙ መጣለት።

ደብዳቤው ሲገኝ ደግሞ ቀኑ ችግር ሆነ።

«ማክሰኞ ነው ረቡዕ?» አለች ጋዲሴ።

«ለረቡዕ አጥቢያ» አሉ ጋሽ ጫምሳ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ አጥቢያ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱን ይምረጡ።»

«ሰውዬው ያረፈበትን ቀን እኔ ነኝ የምመርጠው?»

«ረቡዕ በይው!» አለች ተሻለች ትዕግሥቷ አልቆ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞር አለ። ጋሽ ጫምሳ በለሆሳስ፣ ረቡዕ ከተባለ ጎሕ መቅደዱን፣ ማክሰኞ ከተባለ ደግሞ አለመቅደዱን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ጀመሩ። ሲጨርሱ የምሳ ሰዓት ደርሶ ቢሮው ተዘጋ። በዚያ ቀን ተሻለች ከእሳቸው ጋር በአንድ ባጃጅ አልተመለሰችም፤ በዚያ ፀሐይ በእግሯ ሄደች። ማታ ራት ላይ እንኳ ለብቻዋ ታጉረመርም ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ለመጨረሻ ጊዜ ሄዱ። ቀኑ ረቡዕ ተብሎ ተስማሙ፤ ጋሽ ጫምሳ ጎሕ መቅደዱን አስታውሰው ፈቀዱ። በኦሮምኛ ከተጻፈው ስማቸው ላይ አንዲት ፊደል መጉደሏን አሳይተው አስጨመሩ። ተሻለች ጥርሷን ነከሰች። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መስሏት ነበር።

«አንድ ነገር ቀረች» አለች ጋዲሴ። «እቤት ስላረፉ፣ ሲያርፉ አጠገባቸው የነበረው ማን እንደሆነ ላስገባ።»

ዘርፉ ቀደመች። «እሷ ናት። እጁን ይዛ ነበር።»

ተሻለች ወደ ጋሽ ጫምሳ ሰረቅ አድርጋ አየች። ምክንያቱም እጁን አልያዘችም። በዚያ ንጋት ውሃ መጥታ ነበር። በፈረቃ የምትመጣ ውሃ ናት፤ ካመለጠች አመለጠች፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ያለ ውሃ አይሆንም። አብረው ሊያስታምሙ ያደሩትን ጋሽ ጫምሳን አልጋው አጠገብ ትታ ግቢው ቧንቧ ላይ ጀሪካን ልትሞላ ወጣች። ስትመለስ አልቋል። ለቅሶው ላይ ዘርፉ መሬት ላይ እየተንከባለለች «ማን ነበር አጠገቡ? ማን እጁን ያዘው?» ስትል፣ «እኔ» የሚለው ቃል ከአፏ ወጣ። ወጥቶም አልተመለሰም።

ጋዲሴ ልምድ አግኝታለች። መጻፏን ትታ ወደ ጋሽ ጫምሳ ዞረች። «አባባ፣ ማስተካከያ አለዎት?»

ጋሽ ጫምሳ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ተሻለች ቤቱን ረሳችው፤ ካርታውም ሰኔም ጠፋባት። የምታየው የዘርፉን ፊት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ይሁን፣ ይቺ ሴት ግን ይህን እዚህ ወረፋ መሃል መስማት የለባትም። ጋሽ ጫምሳ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ማስተካከያ የለኝም» አሉ፤ ፈረሙም።

ወረቀቱ ማኅተም አርፎበት ወጣ። ዘርፉ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ማዶ ተሻገረች። ተሻለችና ጋሽ ጫምሳ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥላ ሥር ቀሩ።

«ጋሼ» አለች፣ «እዚያ እንዳልነበርኩ ያውቃሉ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዓመት ሙሉ እጁን ይዘሽ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ብቻ ለቀቅሽው። ለዚያች ለአፍታ ብዬ ዓመቱን ላፍርሰው?» ወደ መንገዱ ትንሽ አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ግን አንድ ማስተካከያ አለኝ።»

ተሻለች ሳታውቀው ልማዷ ሆኖ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ሳልኖር አመለጠኝ እያልሽ ትቃጠያለሽ። በአጥሩ ስታለቅሺ እሰማለሁ። ስህተት ነው። ጀሪካኑ ከቧንቧው ጋር ሲጋጭ እሱም ሰምቶታል። ዓይኑን ገለጠና ‹መጣች› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ፣ ይህን ለመናገር አንቺ ሳታነሺው እጁን አልያዝሽም ብዬ ማረም ስለነበረብኝ ነው።»

«ውሃ መጣች ነው ያለው?»

«‹ውሃ› አላለም። ‹መጣች› ነው ያለው። ውሃዋን ይሁን አንቺን አልጠየቅኩትም። ያልጠየቅኩትን ደግሞ አልመሰክርም።»

ሌላ ሰው ቢነግራት፣ ሊያጽናናኝ የፈጠረው ነው ትል ነበር። ይህ ሰው ግን በባሏ መቃብር አፋፍ ላይ ከአገልግሎቱ ግማሽ ዓመት የቀነሰ ሰው ነው። አመነችው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ እዚያው ጥላ ሥር አለቀሰች፤ እሳቸውም እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሙ።

ዘርፉ ተመለሰችና ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ተሳፈሩ። ሰፈር ሲደርሱ ነጂው የጋሽ ጫምሳ በር ላይ ሊያቆም ፍሬን ያዘ።

«እዚህ አይደለም» አለችው ተሻለች፣ እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ። «ትንሽ አለፍ አድርገው።»