የወዲያኛው ወረዳ ተኩላ

በእኛ አገር አንድ ነገር መኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ ቢሮ የተቀመጠ ሰው «አለ» ሊለው ይገባል። ዝናብ እንኳ ባለሙያው መስኮቱን ካልከፈተ አልዘነበም። ይህን ያስተማረኝ ተኩላ ነው።

እኔ አምቦ የማስተምር፣ ገጠር ጥቂት በጎች ያሉኝ ሰው ነኝ። አሉኝ ልበል እንጂ የሚያረቧቸው ኦቦ ቶለሳ ናቸው፤ ቤታቸው ሁለት ወረዳዎችን ከሚለየው ተራራ ሥር ነው። (የወረዳዎቹን ስም አልጠራም፤ ገና ጉዳይ አለኝ።) በጉን እኛ ደመወዝተኞቹ እንገዛለን፣ እሳቸው ያረባሉ፣ ግልገሉን እንካፈላለን። ውል የለም፣ ፊርማ የለም። አንድ ሕግ ግን አለ፤ በግ ሲሞት አርቢው ቆዳውን ለባለቤቱ ያመጣል። ቆዳ ሳይዝ «ሞተብኝ» ያለ ሰው «ቀቅዬ በላሁት» እንዳለ ይቆጠራል።

ታዲያ ተኩላ ቆዳ ያስተርፋል? ኦቦ ቶለሳ አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን መጥተው «ዬዪ በላብን» አሉኝ፣ ተኩላውን ማለታቸው ነው። ቅዳሜ ወጥቼ በዓይኔ አየሁት። በጠራራ ፀሐይ ከገብሱ ማሳ ዳር ቆሞ ገላመጠኝና እንደ ባለሥልጣን ቀስ ብሎ ሄደ። እኔም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ተብሏልና ወረዳ ሄድን። የዱር እንስሳት ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ በእኛ ወረዳ ተኩላ የለም፤ ካለም ከተራራው ወዲያ ነው» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። አጎላው፣ አሳነሰው፣ «ውሻ ነው» አለ። መጥተህ እይ ብንለው ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ የለውም። ከተራራው ወዲያ ስንሄድ ደግሞ ተኩላው ከተራራው ወዲህ ነው ተባልን። እኔ የምለው፣ ይህ አውሬ ወሰኑ ላይ ሲደርስ መታወቂያ ያሳያል እንዴ? ተቃጠልኩ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ምክንያቱም ወረዳው «ተኩላ የለም» ካለ በጉን ማን በላው? ሰው ሁሉ ወደ ኦቦ ቶለሳ ዞረ። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ በጎቻቸውን እየነዱ ወሰዱ። ገበያ ላይ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ቸርች ውስጥ ስንት ዘመን መባ የሰበሰቡት ሰውዬ፣ ነገሩ እስኪጣራ ከረጢቱን ሌላ ሰው ይያዘው ተባሉ። ሽማግሌዎችም እሑድ ሊቀመጡባቸው ቀጠሩ። መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሳቸው ግን ከመቃብር በፊት ሊቀበር ሆነ።

በዚህ መሀል ተኩላው መኪና ገጭቶት አስፋልት ዳር ሞቶ ተገኘ። ወዲያው ሞተሩ ነዳጅ አገኘ! ባለሙያው ሚሊሻ አስከትሎ፣ እኔም ወሬውን ሰምቼ በደረስኩበት ሰዓት፣ ኦቦ ቶለሳ ደጅ ከች አለ። የወረዳችንን ተኩላ ገድለዋል፤ ስለ እሱ ቅሬታ ያቀረቡት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ተጠርጣሪው እርስዎ ነዎት አላቸው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣ በሕይወት ሳለ ውሻ ያለው።

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ኦቦ ቶለሳ ኮቴን ጎተት አደረጉና ዝም አሰኙኝ። ከዚያም በትሕትና፣ ገደሉ የተባሉት ምን እንደሆነ ጠየቁት። ተኩላ አለ። የየትኛው ወረዳ? የእኛ አለ። በጎቹ በሚሰማሩበት ተራራ የሚኖር? አዎ፣ ሌላ የት ይኖራል አለ። እንግዲያው ክሱን እሑድ በሽማግሌዎቹ ፊት እንዲደግምላቸው ለመኑት።

አላሳፈራቸውም። እሑድ መጥቶ፣ መሀል ቆሞ፣ ጣቱን እየቀሰረ ከሰሳቸው። እሱ በከሰሰ ቁጥር የሽማግሌዎቹ ፊት እየፈካ ሄደ። ሲጨርስ ተነስተው የኦቦ ቶለሳን ትከሻ ሳሙ፤ መኪና ሲገጨው ያየ ሰው ስለነበር የግድያውም ነገር በዚያው ቀረ። ኦቦ ቶለሳ የመባ ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ቸርች ገቡ።

ባለሙያው አሁንም ከሳሽ የነበረ ይመስለዋል፤ የመከላከያ ምስክር እንደነበር የነገረው የለም።