ደግፌ ከበር ውጭ፣ ዱባው ከግቢ ውስጥ

(አምቦ፤ ጠዋት፣ የባለሱቁ የከድሮ ግቢ በር። ደግፌ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ቀበሌው አጨብጭቦ የጓሮ አትክልት አስተባባሪ ካደረገው ወዲህ ኮቱ ለደረቱ አልበቃው ብሏል። ሰው ሲያየው መንገድ የሚቀይረው ስለሚያከብረው ይመስለዋል፤ ምስኪን! ከድሮ ከውስጥ ሆኖ በቆርቆሮው ሽንቁር ያየዋል። በሩ ከውስጥ በጓጉንቸር ተቆልፏል።)

ደግፌ፦ (በሩን እየነቀነቀ) ክፈት እንጂ! ከመቼ ወዲህ ነው በጠራራ ፀሐይ የሚቆለፈው?

ከድሮ፦ ቁልፉን እየፈለግኩ ነው፣ ኦቦ ደግፌ።

ደግፌ፦ የት ነው የምትፈልገው? ቆመሃል እኮ!

ከድሮ፦ ቆሜ እያሰብኩ። ስሄድ ሐሳቤ ይበተናል።

ደግፌ፦ (ከኮቱ ኪስ ሰንጢ አውጥቶ እየወለወለ) አንተ ሰውዬ፣ በሽታ ቀጠሮ አያከብርም! ዱባህ ቅጠሉ ዥጉርጉር ብሏል?

ከድሮ፦ እስካሁን አማን ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ዥጉርጉር ቢሆንስ ምን ክፋት አለው? እኔ ሱቅ ቶሎ የሚሸጠው ዥጉርጉሩ ሽርጥ ነው።

ደግፌ፦ ሽርጥ ይለኛል! ቅጠሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ከተጨማደደ መድኃኒት የለውም። ነቅሎ ማቃጠል ነው!

ከድሮ፦ ባለቤቱን?

ደግፌ፦ ሐረጉን!

ከድሮ፦ ያው ነው። ዘሩን ከጌዶ የላኩልኝ አማቴ ናቸው። ረመዳን ሲገባ ዱባቸውን ሊበሉ ይመጣሉ። ሐረጉ ከተነቀለ የምቃጠለው እኔ ነኝ።

ደግፌ፦ እሱን ነው የምልህ! አስገባኝና አንድ ቅጠል ቆርጬ ልመርምር።

ከድሮ፦ የጎረቤቴን የተሬፋንም ዱባ ቆርጠው ነበር?

ደግፌ፦ እንዴታ! ከዚያ የፈትለወርቅን፣ ከዚያ የባይሳን።

ከድሮ፦ ሁሉም ታመው ነበር?

ደግፌ፦ የተሬፋ ብቻ ነበር የታመመው። የሌሎቹ ጤነኛ ነበር፤ እኔ መርምሬ ከወጣሁ በኋላ ሰንበት ብሎ ታየባቸው። ዕውቀት ማለት ይህ ነው! እኔ ሁልጊዜ ከበሽታው ቀድሜ ነው የምደርሰው።

ከድሮ፦ ያ አላህ! በሽታውስ ከኋላዎ በእግሩ ነው የሚመጣው?

ደግፌ፦ በሽታ ምን እግር አለው? ክሽክሽ የምትባል ተባይ ከቅጠል ቅጠል ታዞረዋለች። ደግሞ የታመመውን በነካ እጅ፣ በቆረጠ ስለት ይተላለፋል። ስብሰባ ላይ ሳስተምር ተኝተህ ነበር?

ከድሮ፦ በየትኛው ስለት?

ደግፌ፦ በማንኛውም!

ከድሮ፦ እንደዚያች ባለችው ሰንጢም?

ደግፌ፦ (ሰንጢዋን ወደ ኪሱ እየከተተ) ይቺ የምርመራ ናት!

ከድሮ፦ በሽታው ይህን ያውቃል?

ደግፌ፦ ቀልዱን ተው! ይልቅ ከሰፈሩ ሁሉ ያማረበት የወይዘሮ አመለሸጋ ዱባ ብቻ ነው። ሴትዮዋ መድኃኒት ደብቃለች። በሯን እንኳ ከፍታልኝ አታውቅም! ጠይቃት ብዬህ አልነበር?

ከድሮ፦ ጠየቅኳት።

ደግፌ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እህስ?

ከድሮ፦ መጀመሪያ «በርህን ቆልፍ» አለችኝ።

ደግፌ፦ ቁልፍ ለሌባ ነው፤ ለበሽታ ምን ይሠራል?

ከድሮ፦ እኔም ጅል ነኝና ይህንኑ አልኳት። «ይኸኛው እያንኳኳ ነው የሚመጣው» ብላ ሳቀች። ከዚያ መድኃኒቱን ነገረችኝ። ለካ እቤቴ ነበር! ከራሽኔ ላይ ቆርጬ ለእርስዎ ጠቅልዬልዎታለሁ።

(በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በቆርቆሮው ላይ አሻግሮ ይሰጠዋል። ደግፌ በሁለት እጁ ተቀበለ። በሚቀጥለው ስብሰባ የሚቀልጠው ጭብጨባ ከአሁኑ ተሰማው፤ ደስ አለው። ሳይፈታ አሸተተው።)

ደግፌ፦ ሽታው ያፍናል፤ ኃይለኛ መሆን አለበት። የሚደረገው ቅጠሉ ላይ ነው ሥሩ ላይ?

ከድሮ፦ እጅዎ ላይ።

ደግፌ፦ ምን?

ከድሮ፦ ሳሙና ነው፣ ኦቦ ደግፌ። ሰንጢዋንም እንዳይረሱ።

(ከአንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥቶ በሽንቁሩ ያሳየዋል።)

ከድሮ፦ ታጥበው ሲመለሱ እኔም ፈልጌ አገኘዋለሁ።