ጎሬን ልይዝ አንድ ተራ ሲቀረኝ

ጦርነት የሚያሸንፈው ጀግና ነው የሚሏችሁን ሰዎች አትመኑ። ጦርነት የሚያሸንፈው ጎረቤት የሌለው ሰው ነው! ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ መቱ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ድል ደጃፍ ቆሜ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ።

ከሥሩ ልጀምር። ጉታ የሚባል ጓደኛ አለኝ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ትንንሽ ነገር ሲያይ ስለሚውል፣ አንድም ነገር አያመልጠውም። ከዓመት በፊት ደን ሊያጠና መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ ይለውና አንድ ትልቅ ካርቶን ለጉታ ጥሎለት ይሄዳል። ካርቶኑ ውስጥ የጦርነት ጨዋታ ነበር። እኔ ዳማ ቢጤ መስሎኝ... የት አባቱ! ጠረጴዛ የሚሸፍን ካርታ፣ ባለ ሁለት ቀለም የእንጨት ወታደር፣ ፈረሰኛ፣ መድፍ፣ የስንቅ ጋሪ፣ በዚያ ላይ ለመንጃ ፈቃድ ከሚጠናው መጽሐፍ የወፈረ የጨዋታ ደንብ። በእንግሊዝኛ።

የካርታው ከተሞች ስም ለምላሳችን አልመች ስላለ የራሳችንን ስም ሰጠናቸው። እዚህ ላይ አደራ ልብ በሉልኝ፤ ስም አውጪው እኔ ነኝ። ኮረብታ ላይ ጉብ ያለውን የጉታን ምሽግ «ጎሬ» አልኩት። የስንቅ መጋዘኑን «ሁሩሙ» አልኩት። የእኔ ሰፈር ያው «መቱ» ሆነ። ሁሩሙ በእውነቱ በየት በኩል እንደምትገኝ የምታውቁ ዝም በሉ፤ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ እኔም አላጣሁትም። ጨዋታ ነው።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫወትን። አሥራ ሁለቱንም ተሸነፍኩ። ካርታ እያስተማርኩ እንጀራ የምበላ ሰው፣ በካርታ ላይ፣ ሽንት በሚመረምር ሰው! ጥፋቴ ሁልጊዜ አንድ ነበር። ጎሬን ኮረብታው ላይ ሳያት ደሜ ይፈላል፤ ያለኝን ጦር በሙሉ ሰብስቤ ሽቅብ እነዳዋለሁ። ጉታ ከላይ ሆኖ ይለቅመኛል። እንደ አጋጣሚ ብልጫ ያገኘሁ ቀን ደግሞ የደንቡ መጽሐፍ የማያውቀው መሣሪያ አለው።

«በእናትህ፣ ይቺን አንድ ጊዜ ልመልሳት» ይላል።

በእናቴ ተለምኜ እምቢ ልበል? እሺ እላለሁ። ይመልሳታል። ከዚያ ይጨርሰኛል።

እንዲህ እያለን ሐምሌ ላይ አንድ ሰኞ መጣና «ነቀምት ተዛወርኩ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ ደመወዙም ደረጃውም ከፍ ይላልና። ቤት ስገባ ግን እግሬን ጎተትኩ። ጉታ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ለሥራ መጥቶ ነው የከረመው። ከሄደ በምን ምክንያት ይመለሳል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ ባባ። በዚያ ላይ አንድም ቀን ሳልረታው ካርቶኑን ሸክፎ ሊሄድ ነው። ባለቤቴ ሰናይት «የቱ ነው ያሳዘነህ፣ መሄዱ ነው ወይስ አለመሸነፉ?» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ነበረኝ። የደንቡን መጽሐፍ ተውሼ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ እያሰመርኩ አነበብኩት። ወታደሮቹ ጉታ ቤት ስለነበሩ ጠረጴዛው ላይ ካርታውን በጠመኔ ሥዬ፣ ባቄላ ጦሬን፣ በቆሎ የጉታን አደረግኩ። በቆሎው በየቀኑ ሲረታኝ ሰናይት ቆማ ታያለች።

«ባቄላው ሁሉ ከዘመተ ለምሳ ምን ልሠራ ነው?»

«አንድ ሁለት ቀን ታገሺኝ።»

ከዚያ አንድ ቀን፣ መሐል ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንቀጽ አገኘሁ። ከስንቅ መጋዘኑ ለሦስት ተራ የተቆረጠ ምሽግ እጁን ይሰጣል! ወገኖቼ፣ ኮረብታውን መውጣት ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። ከሁሩሙ ወደ ጎሬ የሚወስደውን ድልድይ መያዝ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ወታደር ያስፈጀሁት በከንቱ ነው... አፈሩ ይቅለላቸው፣ እንጨትም ቢሆኑ።

ስልቴ እንዲህ ነበር። ጥቂት እግረኛ እንደ ድሮዬ ሽቅብ እነዳለሁ፤ ጉታ ያው ሞኙ መምህር ነው ብሎ ይስቃል። እሱ ሲስቅ ፈረሰኛዬ በጫካው ዞሮ ድልድዩ ላይ ይቀመጣል። የቀረችው «በእናትህ» ነበረች። ለእሷ ሰናይት አሠለጠነችኝ። ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ዓይኗን አቅለስልሳ «በእናትህ» ትለኛለች፤ እኔ «አይሆንም» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሳምንቱ ጠነከረ።

የመጨረሻው እሁድ ከሰዓት ጉታ ካርቶኑን ይዞ መጣ። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ጀመርን። እግረኛዬ ኮረብታው ሥር ሲያልቅ ጉታ ከልቡ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፈረሰኛዬን ድልድዩ ላይ አስቀመጥኳት። አጎንብሶ አያት፤ ከዚያ መጋዘኑን አየ።

«በእናትህ፣ ያቺን ጋሪ ልመልሳት» አለ።

«አይሆንም።»

«በእናትህ እኮ ነው ያልኩህ!»

«ሰምቻለሁ። አይሆንም።»

አንድ ተራ አለፈ። ሁለት አለፈ። አንዲት ተራ ብቻ ስትቀረኝ ያጠፋሁትን አጠፋሁ፤ ተነስቼ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፄ «ከበብኩህ! ስንቅህን ቆርጬዋለሁ! ከእንግዲህ በረሃብ ነው የምጨርስህ!» ብዬ ጮህኩ።

የእኛን ቤትና የእትዬ አስካለን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እትዬ አስካለ ደግሞ ሰው ሲጣላ ሰምተው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም።

ጉታ ምን ላድርግ ብሎ ካርታው ላይ አቀርቅሮ ብዙ ቆየ። አላጣደፍኩትም፤ ልየው ብዬ ተደስቼ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ወታደር አንቀሳቅሶ ተራውን ሲለቅልኝ በሩ ተንኳኳ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ጋሼ ሙላቱና ኦቦ ነገራ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ሙላቱ።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ ኦቦ ነገራ። «ሊሄድ ሁለት ቀን የቀረውን ጓደኛህን በረሃብ እጨርስሃለሁ ትላለህ? አንተ የምታስተምር ሰው?»

«ኦቦ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«የተጣላ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኛ ለጃርሱማ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው። የምንላችሁን ካልተቀበላችሁ አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም።»

ፈረሰኛዬ ድልድዩ ላይ ናት። ተራው የእኔ ነው። ሽማግሌ ቆሞ እኔ መጫወት አልችልም። ቁጭ ብለው ካርታውን ሲያዩ ስቀው ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩና፣ በዚህ አፌ፣ «እሺ፣ የምትሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ብቻ ተቀመጡልኝ» አልኩ።

ጉታ ቀስ ብሎ ተነሳ። «እኔም ታዝዣለሁ» አለ። ዓይኑን ሳየው ቀድሞኝ ገብቶታል።

ተቀመጡ። እኔም ዱላ አንስቼ እንደ ክፍል ውስጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ይሄ ጫካ ነው፣ ይሄ ድልድይ ነው፣ ይሄ ፈረሰኛ ነው። ጋሼ ሙላቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ኦቦ ነገራ ግን ጣታቸውን ምሽጉ ላይ አደረጉ።

«ይሄ ኮረብታስ?»

«እሱ የጉታ ምሽግ ነው። ጎሬ ይባላል።»

ኦቦ ነገራ የጎሬ ተወላጅ መሆናቸውን ነግሬያችኋለሁ? አልነገርኳችሁም። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ትዝ አላለኝም።

«ጎሬን ነው በረሃብ የምትጨርሰው?» አሉኝ።

«እንጨት እኮ ነው፣ ኦቦ።»

«እንጨት ከሆነ ታዲያ ለምን ትጮህ ነበር?»

ለዚህ መልስ ካላችሁ ላኩልኝ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጓዳ በር ላይ ቆመው ተመካከሩና ፍርዱን ይዘው ተመለሱ። ከበባው ይነሳ። ድልድዩ ለሁለቱም ይሁን፣ የጎሬ ስንቅ ይለፍ። ማንም ማንንም እንዳይነካ፣ ጦሩ ሁሉ ባለበት ይቁም። ለመስቀል ሁለታችንም እዚሁ እፊታቸው ቀርበን ነገሩ ይታያል።

«አንድ ተራ ብቻ እኮ ነው የቀረኝ!» አልኩ። ድምፄ ከመምህርነት ወርዶ የተማሪ ሆኗል።

«ሽማግሌ ልትረግጥ ነው እንዴ?» አለ ጉታ፣ አዝኖ። አዝኖ!

ተሳሳምን። መረቁን። እትዬ አስካለ አለቀሱ። ሰናይት ማርና ዳቦ አቀረበች፤ ሁሉም በሉ፣ እኔን ብቻ አልወርድልህ አለኝ።

ጉታ ማክሰኞ ነቀምት ሄደ፤ ጨዋታውን ግን አልያዘም፣ በሽማግሌ ቃል ታግዷልና። እኛ ጠረጴዛችን በሁለት ጦር ስለተያዘ ምሳችንን ጉልበታችን ላይ እንበላለን። ኦቦ ነገራ በየእሁዱ እርቁ መጠበቁን ሊያዩ ይመጣሉ። በሦስተኛው እሁድ ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺ ፈረሰኛ ፊቷን ወደ ጎሬ ያዞረችው ለምንድነው?» አሉ።

«ሰናይት አቧራ ስትጠርግ ይሆናል» አልኩ።

«እኔ አልነካሁም» አለች ሰናይት ከጓዳ።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ኦቦ፣ እርስዎ ለጎሬ አዳልተውብኛል» አልኳቸው።

«አዎ፣ አዳልቻለሁ» አሉ፣ ምንም ሳይሰማቸው። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። «ግን እስቲ ንገረኝ። ያን ዕለት ብተውህና ብታሸንፈው፣ ካርቶኑን ሸክፎ ይሄድ ነበር። ዘመድ እዚህ የለው። ለመስቀል ምን ብሎ ይመጣ ነበር?»

ፈረሰኛዋን በራሴ እጅ መለስኳት፤ ፊቷን ወደ መቱ።

ትናንት ጉታ ደወለ። ለመስቀል ፈቃድ ጠይቆ እንደተሰጠው ነገረኝና «ድልድዬ ደህና ነው?» አለ። ደህና ነው አልኩት። ደስታዬን እንዳያውቅብኝ ቶሎ ስልኩን ዘጋሁ። መስቀል ሲደርስ ያችን አንድ ተራ እንደምጫወታት አትጠራጠሩ፤ ከአሁኑ ልምምድ ጀምሬያለሁ።

ሰናይትም ማሠልጠኗን ቀጥላለች። ዛሬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ሳህኗን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ ዓይኗን አቅለስልሳ «በእናትህ፣ ጠረጴዛዬን መልስልኝ» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኳት፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ።

ልምምድ መስሎኝ ነበር።