ወተት ወይስ ማስክ

በእኛ ሙያ ወተት የማያወጣው መርዝ የለም ይባላል። ቲነር አዞረህ? ወተት ጠጣ። የቀለም ብናኝ ደረትህን አፈነው? አሁንም ወተት። ማን እንዳለው እንጃ! ብቻ ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ያለው ጋራዣችን፣ መኪና ለምንቀባው አምስት ሰዎች በየቀኑ አንድ አንድ የላስቲክ ወተት ያድለናል። አብዛኞቻችን ደግሞ ረቡዕ የምንጾም፣ ዓርብ የምንጾም፣ ሁዳዴን የማንገድፍ ሰዎች ነን። በጾም ወራት መርዙም አብሯችሁ ይጾማል ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ደክሞኛል።

በቀደም አንዲት የሥራ ላይ ጤና ባለሙያ መጥታ ነገሩን አፈረጠችው። "ወተቱ ምንም አያደርግላችሁም። ይሄ ብናኝና ሽታ ውሎ አድሮ ካንሰር ያመጣል። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት ስታሹ ውሃ አርከፍክፉበት፣ በሩን ክፈቱ፣ ቀለም ስትረጩ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ" አለችን። ውሃውንና በሩን ወዲያው ተቀበልን፤ ገንዘብ አይጠይቁማ። የቀረው ማስኩ ነው።

ማስኩን ከሁላችንም በላይ የሚፈልጉት ጋሽ ታዬ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለም ረጭተው አሁን ሳል አላስተኛ ብሏቸዋል። ሐኪሙ "ወይ ሥራውን ይተዉ፣ ወይ ይሸፈኑ" ብሏቸዋል። በዚህ ዕድሜ ማን ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል? እኔም "ማስክ ሳናስገዛማ አንለቅም፣ ጋሼ!" እያልኩ ስፎክርላቸው ከረምኩ።

አሠሪያችን ሰበሰበን። "አቅሜ አንዱን ነው። ወተት ወይስ ማስክ? እጅ አውጡ።"

ነገሩ ወዲህ ነው። ወተቱን ማናችንም አንጠጣውም። በጾም ሰበብ ወደ ቤት መውሰድ ጀመርን፤ ጾሙ ሲፈታም በዚያው ቀጠልን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የካ ዳገቱ ላይ የሁለት ዓመት ልጄ ማታ ማታ በር ላይ የምትጠብቀው እኔን እንዳይመስላችሁ፤ ላስቲኩን ነው።

ጋሽ ታዬና ባልደረባችን ከድር ለማስክ እጃቸውን አወጡ። ሌሎቹ ሁለቱ ለወተት። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ለወተት አወጣሁ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

ጋሽ ታዬ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! ከሥራ ስንወጣ የራሳቸውን ላስቲክ ወተት እጄ ላይ አኖሩና፣ ሳላቸው ጋብ እስኪል ጠብቀው፣ "ልጅቷን ሳምልኝ" አሉኝ።

ተቀበልኳቸው።